ትንሹ የምህንድስና ኮሌጅ ያዋጣል?

የቡና ነጋዴ ናሙና ሳያስቆላና ሳያስቀምስ ውል አይፈርምም። ያው ነጋዴ ልጁን ምህንድስና ለማስተማር ወደ አሜሪካ ሲልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው በስም ነው። ስሙ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ ሲመጣ ድግስ ይደገሳል፤ ሠፈር ውስጥ ስሙ ካልተሰማ ኮሌጅ የመጣው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መሳቢያ ውስጥ የቀረው ግን አንዳንዴ የተሻለው ዕቃ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ከግዙፎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጎን ምህንድስናን ዋና ሥራቸው ያደረጉ ትንንሽ ኮሌጆች አሉ። በካሊፎርኒያ ክሌርሞንት ከተማ የሚገኘው ሃርቪ ማድ 900 ያህል፣ በማሳቹሴትስ ኒድሃም ያለው ኦሊን 400 ያህል፣ በኒው ዮርክ ግዛት ግሌን ኮቭ ያለው ዌብ ኢንስቲትዩት ደግሞ 100 ያህል ተማሪዎች ብቻ አሏቸው።

ምን ይሸጣሉ?

የሚሸጡት መምህሩን ነው። በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በመቶዎች መካከል ተቀምጦ ይማራል፤ ጥያቄውን የሚመልስለትም ብዙ ጊዜ ራሱ ገና ዶክትሬቱን የሚማር ረዳት ነው። በሃርቪ ማድና በኦሊን ግን ትኩረቱ በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ላይ በመሆኑ ፕሮፌሰሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሸቀጥ የሥራ ልምድ ነው። ሃርቪ ማድ ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክሊኒክ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ኩባንያዎች ክፍያ ፈጽመው የገጠማቸውን የቴክኒክ ችግር ያመጣሉ፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው መፍትሔ ይፈልጉለታል። ዌብ ደግሞ ተማሪዎቹን በየዓመቱ ጥርና የካቲት ገደማ ለሁለት ወር ወደ መርከብ ፋብሪካዎችና ወደ ዲዛይን ቢሮዎች ይልካል። ተመራቂው ለቀጣሪ የሚያሳየው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የሠራውንም ነው።

ዋጋውና የምንዛሪው ነገር

የግል ኮሌጅ ዋጋ ያስደነግጣል። በሃርቪ ማድ የትምህርት፣ የማደሪያና የቀለብ ወጪ ሲደመር በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ለተማሪ ቪዛ መታየት ያለበት ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ነው፤ ብዙ ወላጅ ስሌቱን የሚያቆመውም እዚያው ላይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 ብር በላይ ሆኗል። 80 ሺህ ዶላር በ57 ብር ሲሰላ 4 ሚሊዮን 560 ሺህ ብር ነበር፤ በ100 ብር ግን 8 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት የአንድ ዓመት ሳይሆን የአራት ዓመት ወጪ ነው።

«ነፃ» ሲባል

እዚህ ላይ የትንንሾቹ ኮሌጆች ሌላ ገጽታ ይመጣል። አንዳንዶቹ ለተማሪው ሁሉ የነፃ ትምህርት በመስጠት የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ነፃ ትምህርት የሚቆመው በኮሌጁ ሀብት ላይ ነው፤ ሀብቱ ሲናጋ ቃሉም ይናጋል።

ኦሊን ከአንድ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰጥቶት የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2002 የተቀበላቸው የመጀመሪያ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አልከፈሉም። የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ የኮሌጁን ሀብት ሲጎዳው ግን ከ2010 ጀምሮ ለገቡት ስጦታውን ወደ ግማሽ አወረደው።

የኩፐር ዩኒየን ታሪክ ለነጋዴ ይበልጥ ይገባዋል። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ በ1859 የተመሠረተው ይህ የምህንድስና፣ የሥነ ሕንፃና የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ዝነኛው የክራይስለር ሕንፃ ያረፈበት መሬት ባለቤት ነው። ይህንኑ መሬት በማስያዝ በ2006 175 ሚሊዮን ዶላር ተበደረና አዲስ ሕንፃ አቆመ። ዕዳው ከገቢው ጋር አልጣጣም ሲል በ2014 አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ማስከፈል ጀመረ። በ2018 ወደ ነፃ ትምህርት ቀስ በቀስ ለመመለስ ዕቅድ አወጣ።

ዌብ በ1889 ዊሊያም ዌብ የተባለ መርከብ ሠሪ ባቋቋመው መሠረት የትምህርት ክፍያን እስከ ዛሬ ይሸፍናል። ሽፋኑ ግን ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ ግሪን ካርድ ላለው የዋሽንግተን ቤተሰብ ትልቅ በር ሲሆን ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ልጅ ግን አይሆንም።

ልጁ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

ትልቁ ስጋት ይህ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሐሳቡን ይቀይራል። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስናው ያልሆነለት ወደ ኢኮኖሚክስ ይሻገራል። ዌብ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው በመርከብ ንድፍና በባሕር ምህንድስና ብቻ ነው፤ መርከብ ያልወደደ ልጅ ያለው ምርጫ መልቀቅ ነው። ኦሊን በጎረቤቱ ባብሰን የቢዝነስ ትምህርት፣ ሃርቪ ማድም አጠገቡ ባሉት የክሌርሞንት ኮሌጆች ሌላ ኮርስ መውሰድን ይፈቅዳሉ። ይህ በር መኖር አለመኖሩ ቀብድ ሳይላክ በፊት መጠየቅ አለበት።

እውቅናውም መታየት አለበት። ኤቤት የሚባለው የአሜሪካ የምህንድስና ትምህርት እውቅና ሰጪ ድርጅት እውቅና የሚሰጠው ለየትምህርት ክፍሉ እንጂ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ስለሆነ የደላላ ቃል አያስፈልግም።

እንግዲህ ወላጅ ለኮሌጁ የሚጽፋቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ እርዳታው ለአራቱም ዓመት ነው ወይስ በየዓመቱ ይታያል? ውጤት ቢቀንስ ይቋረጣል? ክፍያ ሲጨምር እርዳታውም ይጨምራል? የውጭ ተማሪን ያካትታል? መልሱ በጽሑፍ ይምጣ። ከዚያም ልጁ ራሱ እዚያ ከሚማር ተማሪ ጋር በስልክ ይነጋገር። ናሙናውን መቅመስ ያለበት አራት ዓመት የሚማረው እሱ ነው።