ከጎረቤት ማሳ የተማርኩት

ለዓመታት በአድአ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ ነገር ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ ያስተማረኝ ግን ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያ ነው።

ጤፍን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይሞከር ነበር፤ አበባው እጅግ ደቃቅ ነው፣ ራሱንም በራሱ ያዳቅላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ 1 ሰዓት ገደማ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። በዚህ ግኝት በመጠቀም የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አንድ ምርታማ ዝርያን ፍሬው ነጭ ከሆነ ሌላ ዝርያ ጋር አዳቀለ፤ ቁንጮም በ2006 እ.ኤ.አ. ተለቀቀ።

ምርታማው ዝርያ ቀድሞም በእጃችን ነበር። ገበሬው ያልወደደው ፍሬው ስላልነጣ ነው፤ ገበያ የሚከፍለው ለነጭ ጤፍ ነዋ። ምርትና ንጣት አንድ ላይ ሲገኙ ግን ገበሬውን «ዝራ» እያልኩ መለመኔ ቀረ።

አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ወረቀትህን እጠፈውና ማሳውን አሳየኝ» አሉኝ። ቁንጮ ወደተዘራበት የጎረቤታቸው ማሳ ወሰድኳቸው፤ ዛላውን በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው ፍሬውን አዩ። በቀጣዩ ክረምት ከባለማሳው ዘር ተበድረው ዘሩ፤ ካጨዱ በኋላ ብድራቸውን በዚያው ዘር መለሱ፣ ለአማቻቸውም ሰፍረው ሰጡ። ባለቤታቸው ደግሞ እንጀራውን ጋግረው ለቡና አጣጮቻቸው አቀመሱ።

ገበሬ አዲስ ነገር አይጠላም። አንድ ክረምት ከከሰረ ልጆቹ ይራባሉ፤ ስለዚህ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ቀምሶ ያምናል። ዕውቀት ይዘን የምንሄድ ሁሉ ይህን ጥንቃቄውን እናክብርለት።