መርዝ የነካው ጆንያ ስንት ያስከፍላል?

ሐኪም ጋራ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው የሐረር ጀጎል ግንብና በውስጡ እርስ በርስ የተጣበቁት ቤቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፡፡ በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ማሳዎች ቡናና ጫት ተጎራብተው ይበቅላሉ፡፡ ለገበያ ሰው ይህ ጉርብትና ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ጫቱ በተረጨ ቀን ነፋሱ ወዴት እንደነፈሰ የሚመዘግብ የለም፡፡ ቡናው ግን ከወራት በኋላ ባሕር ተሻግሮ ላቦራቶሪ ሲገባ የነካው ሁሉ ይነበብበታል፡፡

ላኪዎች ይህን በኪሳቸው ያውቁታል፡፡ ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ በሚሉት የቡና ስሞች ላይ ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ስትሟገት ቆይታ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 መስማማቷ ይታወሳል፡፡ በዓመቱ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ሊንዴን፣ ሄፕታክሎርና ክሎርዴን የተባሉ የተባይ መርዞች ቅሪት ከተፈቀደው ልክ በላይ ማግኘቷን አስታወቀች፡፡ ጃፓን በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ነበረች፡፡ «ሞካ ሐረር» በሚል ስም ቡናችንን ለይቶ የሚጠይቅ ጠጪም ያላት አገር ናት፡፡ ግዢው ወዲያው አሽቆለቆለ፡፡

የተፈቀደው ልክ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በነጋዴ ቋንቋ መመንዘር ይቻላል፡፡ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ የራሱ ልክ ላልወጣለት መርዝ የምትፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፡፡ 60 ኪሎ በሚይዝ አንድ ጆንያ 0.6 ሚሊግራም መሆኑ ነው፡፡ 300 ጆንያ፣ ማለትም 18 ቶን ቡና በጫነ ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ 180 ሚሊግራም ይሆናል፡፡ ይህ በሁለት ጣት ቆንጠር የሚደረግ ዱቄት ያህል እንኳ አይሞላም፡፡ ቡና ሲቆላ ከቅሪቱ ብዙው እንደሚጠፋ የታወቀ ቢሆንም ወደብ ላይ ያለው መርማሪ የሚመዝነው ጥሬውን ፍሬ በመሆኑ ክርክሩ ለላኪው አይጠቅመውም፡፡

በኢትዮጵያ በኩል በተደረገው ማጣራት ጣት የተቀሰረው ወደ ገበሬው ሳይሆን ወደ ጆንያው ነበር፡፡ ነገሩ ለገበያ ሰው ትኩረት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፡፡ አብዛኛው የአገራችን ቡና አምራች ለቡናው ኬሚካል አይረጭም፡፡ ሊንዴንና ዘመዶቹ ግን ቅባት ወዳድ ናቸው፡፡ በውኃ ቶሎ አይታጠቡም፣ በቀላሉ አይበሰብሱም፣ በጁት ክር ላይ ተጣብቀው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ፡፡ ሊንዴን በተለይ በሙቀት እየተነነ ከጨርቅ ወደ ፍሬ ይሻገራል፡፡ የአረቢካ ፍሬ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ቅባት በመሆኑ ያገኘውን ይይዛል፡፡ የሐረር ቡና ደግሞ ሳይታጠብ ከነገለባው የሚደርቅ ነው፡፡ ገለባው ከተፈለፈለ በኋላ ግን ፍሬውን ከጆንያው የሚለየው ነገር የለም፡፡

የጆንያን ታሪክ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው፡፡ ዛሬ ቡና የተሞላበት ጆንያ አምና የነቀዝ ዱቄት የተነሰነሰበት ማሽላ ይዞ ከርሞ ሊሆን ይችላል፡፡ ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢትም ስሙ ራሱ ምን ይዞ እንደመጣ ይናገራል፡፡ ጭነት መኪናውም ቢሆን ያው ነው፡፡ ትናንት የፀረ ተባይ በርሜል ያወረደበት ወለል ላይ ዛሬ ቡና ይደረደራል፡፡ ለቡና፣ ለካካዋና ለለውዝ የሚውል ጆንያ ከማዕድን ዘይት ነፃ ሆኖ በዕፅዋት ዘይት እንዲሠራ የሚጠይቅ የዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ፡፡ ለምግብ የተሠራ ጆንያ ዋጋው ከፍ ይላል፡፡ ከአንድ ኮንቴይነር መመለስ ጋር ሲተያይ ግን ልዩነቱ የሚነሳ አይደለም፡፡

ጫቱ የራሱ ሂሳብ አለው፡፡ በሐረርጌ ዲዲቲ ለጫት ይረጭ እንደነበር በተለያዩ ጥናቶች ተመዝግቧል፡፡ ዲዲቲ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ይዘጋጅ የነበረው ለወባ መከላከያ ቤት ለቤት እንዲረጭ ነበር፡፡ ከዚያ እየሾለከ ወደ ማሳ መውረዱ ምስጢር አልነበረም፡፡ ኢትዮጵያ ዲዲቲን የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች፡፡ ለወባ ርጭትም እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በሌላ መድኃኒት ተተክቷል፡፡ ጫት ከሌላው ሰብል የሚለየው በችኮላው ነው፡፡ በጠዋት የተቀጠፈ እስር በአወዳይ በኩል ዞሮ በዚያው ቀን አፍ ውስጥ ይገባል፡፡ አይቀቀልም፣ አይቆላም፡፡ ከርጭት በኋላ ሊጠበቅ የሚገባውን ቀን ዋጋ ሲወደድ ማን እንደሚጠብቅ ደላላው ከማንም በላይ ያውቃል፡፡

ክኒኑና ግድግዳው

ጆንያውና ጫቱ ገንዘብና ጤና ቀስ እያሉ የሚበሉ ናቸው፡፡ በአንድ ሌሊት ሰው የሚገድለው በእህል መጋዘን የሚገባው የነቀዝ ክኒን ነው፡፡ በገበያ ፎስቶክሲን ወይም ሴልፎስ እየተባለ የሚጠራው ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፡፡ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ጋዙ ነው፡፡ 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ክኒን 1 ግራም ጋዝ ትለቃለች፡፡

አንድ ግራም ትንሽ ይመስላል፡፡ አራት ሜትር በአራት ሜትር በሆነና ጣሪያው ሦስት ሜትር ከፍ ባለ ዝግ ክፍል ውስጥ ግን የአንዲት ክኒን ጋዝ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ ቢያንስ 15 እጅ ይሆናል፡፡ ለሠራተኛ በቀን ስምንት ሰዓት የተለመደው ልክ 0.3 እጅ ነው፡፡ ስለዚህ አንዲት ክኒን ልኩን 50 ጊዜ ታልፋለች፡፡ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ የሚባለው 50 እጅ ሲሆን፣ በዚያው ክፍል አራት ክኒን ይህን ለማለፍ ይበቃል፡፡ በእህል ነጋዴ መጋዘን የሚገባው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ክኒን አይደለም፡፡

በጀጎል ውስጥ ነገሩን የሚያከብደው አሠራሩ ነው፡፡ ቤቶቹ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው፡፡ ከመደብሩ ጀርባ ቤተሰብ ይኖራል፡፡ ፎስፊን በስንጥቅ፣ በጣሪያና በበር ሥር ያልፋል፤ ከአየር ጥቂት ስለሚከብድም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፡፡ ሕፃናት የሚተኙት እዚያ ነው፡፡ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ አለው ቢባልም ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፡፡ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደረት መጨነቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምግብ መመረዝ ተደርጎ ይቆጠራል፡፡ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፡፡ የሚረዳው ሰውየውን ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ፣ ልብና ሳንባውን የሚከታተል ሐኪም ቤት ማድረስ ነው፡፡ በሐረር ለዚህ የቅርቡ ሕይወት ፋና ነው፡፡ ሲደረስም የክኒኑን ስም ወይም ቆርቆሮውን ይዞ መሄድ ብዙ ሰዓት ያተርፋል፡፡

መኖሪያ ቤት በተያያዘበት መጋዘን ይህ ክኒን ጨርሶ መግባት የለበትም፡፡ ይህ የሚያከራክር አይደለም፡፡ ለብቻው በቆመ መጋዘን ደግሞ እህሉ በወፍራም ሸራ ተሸፍኖ ጠርዙ በአሸዋ በተሞሉ ከረጢቶች ይጫናል፤ ክኒኑ በተነጠፈ ወረቀት ላይ ይበተናል እንጂ አይከመርም፡፡ የተከመረ ክኒን ውኃ ከነካው በእሳት ሊነሳ ይችላል፡፡ ቆርቆሮው የሚከፈተው ደጅ ነው፡፡ አፍና አፍንጫ ላይ የታሰረ ነጠላ ወይም የጨርቅ ጭምብል ጋዝ አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ለፎስፊን የተሠራ ማጣሪያ ያለው የጋዝ ጭምብል ብቻ ነው፡፡ በመጋዘን ውስጥ የሚተኛ ዘበኛ እስኪናፈስ ድረስ ሌላ ማደሪያ ይፈልግለት፡፡ የሚቀረው አመድ ውስጥ ያልተቃጠለ ክኒን ስለማይጠፋ ከቤት ጥራጊ ጋር አይጣልም፡፡

ችግሩ ግን አለማወቅ ብቻ አይደለም፡፡ የጋዙ ሥራ ቀናት ይፈጃል፡፡ በሐረር ከፍታ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል፡፡ ከዚያ ማናፈሻ ይጨመርበታል፡፡ ይህ ሁሉ ካፒታል የታሰረበት ቀን ነው፡፡ በመካከል የማሽላ ወይም የበቆሎ ዋጋ ከፍ ካለ ሸራው በሦስተኛው ቀን ይገለጣል፡፡ ጫኝና አውራጁ ጋዙ ውስጥ ይገባል፤ ነቀዙ ደግሞ በግማሽ መጠን ተመትቶ ከሞት ይተርፋል፡፡ የተረፈው ነቀዝ የሚፈለፍለው መድኃኒቱን የሚችል ዘር ነው፡፡ በሚቀጥለው ዓመት ያው ነጋዴ ክኒን በእጥፍ ይገዛል፡፡

ሕጉ አለ፡፡ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን ያልተመዘገበ መድኃኒት መነገድን ይከለክላል፡፡ ያለ መለያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ክኒን የሚገዛ ነጋዴ ግን መጠኑንም ሆነ የሚቆይበትን ቀን የሚያነብበት ወረቀት የለውም፡፡ አላስፈላጊ ሆኖ የተከማቸ መርዝ ለአገርም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታይቷል፡፡ ኢትዮጵያ ጊዜ ያለፈበትን ፀረ ተባይ ከየመጋዘኑ ለቅማ፣ በመጀመሪያው ዙር እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 ባለው ጊዜ 1,500 ቶን ያህሉን ፊንላንድ ልካ ማስቃጠል ነበረባት፡፡ የማስወገዱ ወጪ በየቶኑ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የከፈሉትም በአብዛኛው ለጋሾች ናቸው፡፡

ያለ መርዝ ማከማቸት ይቻላል ወይ ለሚለው ሐረርጌ መልሱን ከሌላ ቦታ መፈለግ የለበትም፡፡ ገበሬው ማሽላውን በጉድጓድ ሲቀብር የሚጠቀምበት ዘዴ አየር ማሳጣት ነው፡፡ በደንብ በተዘጋ ጉድጓድ እህሉና ነፍሳቱ ኦክስጅኑን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ነቀዙም ታፍኖ ይሞታል፡፡ ባለ ሦስት ሽፋን የሆነው አየር የማያስገባ ከረጢት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፡፡ ከረጢቱ እርጥበት ስለማያስገባ የጉድጓድ ማሽላ ደላላ እጅ ሲደርስ ዋጋውን የሚያወርድበት የሻጋታ ሽታ አይከተለውም፡፡ ጉድጓዱም ቢሆን አደጋ አያጣውም፡፡ በውስጡ የተጠራቀመው የታፈነ አየር የወረደን ሰው ራሱን ያስታል፡፡ ስለዚህ ልምድ ያለው ባለቤት አፉን ከፍቶ እስኪናፈስ ድረስ ይጠብቃል፤ ሰው የሚያወርደውም ወገቡን በገመድ አስሮ፣ ገመዱን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ከላይ አቁሞ ነው፡፡