የነባር ቃላት ፍቺና የሥነ ጽሑፍ ንባብ፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ አማርኛ አንጻር

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በቀድሞ ጽሑፎች ውስጥ የምናገኛቸው ቃላት ዛሬ ከምንሰጣቸው ፍቺ የተለየ ፍቺ ሊኖራቸው እንደሚችል ማሳየትና ይህንን አለማስተዋል በሥነ ጽሑፍ ንባብ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት መጠቆም ነው። ለማስረጃነት የመረጥኳቸው ቃላት ሦስት ናቸው፤ ባላገር፣ ጨዋና ማለፊያ። ለእያንዳንዳቸውም ከእንግሊዝኛ አቻ አቀርባለሁ፤ ምክንያቱም ተማሪዎቻችን የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ ሲያነቡ የቃላትን አሮጌ ፍቺ በመዝገበ ቃላት ማጣራትን ይለምዳሉ፤ በአማርኛ ግን «ቋንቋዬ ነው» ብለው ያልፉታል።

«ባላገር» ከ«ባለ» እና ከ«አገር» የተገኘ ነው። ስለዚህ ጥሬ ፍቺው የአገር ባለቤት ማለት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ርስት የሚገኘው በትውልድ ሐረግ ስለነበር ገበሬው መሬቱን የሚጠይቀው መጀመሪያ ካቀናው አባት በመቍጠር ነው። ይህ አባት «አቅኚ አባት» ይባላል። እንዲህ ባለው ኅብረተሰብ «እኔ ባላገር ነኝ» የሚል ሰው መብቱን መናገሩ እንጂ ራሱን ዝቅ ማድረጉ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የርስትን ሥርዓት አስቀረ። በሌላ በኩል የከተማ ኑሮ እየሰፋ ሲሄድ «ባላገር» ሥልጣኔ ያልገባው ሰው የሚል የንቀት ፍቺ አገኘ።

በእንግሊዝኛ «ቪለን» የሚለው ቃል ተመሳሳይ ጕዞ አድርጓል። መነሻው «ቪላ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን በመካከለኛው ዘመን በጌታ መሬት ላይ የሚያርስን ገበሬ ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ክፉ ሰውን፣ በድርሰትም እኩይ ገጸ ባሕርይን ይሰይማል። ልዩነታቸው ግን መታየት አለበት። የእንግሊዙ ገበሬ ነጻነት የሌለው የጌታ ጥገኛ ነበር፤ የእኛው ባላገር ባለርስት ነው። ሁለቱም ቃላት ወረዱ፤ የወረዱት ግን ከተለያየ ከፍታ ነው።

«ጨዋ» ከዚህ ይልቅ ይወሳሰባል። በግዕዝ «ፄዋ» ምርኮን ያመለክታል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.)፣ በየአውራጃው ይሰፍሩ የነበሩት የንጉሥ ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር፤ የታሪክ ተመራማሪዎችም ስያሜውን ከዚሁ ቃል ጋር ያያይዙታል። ኋላ ቃሉ ባሪያ ያልሆነን፣ ጥሩ ዘር ያለውን ሰው መጥሪያ ሆነ። «የጨዋ ልጅ» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ሰው ነው። ዛሬ የቀረን ዋና ፍቺ ሥርዓት ያለው፣ ትሑት የሚለው ነው። እንግዲህ «ሰውየው ጨዋ ነውና ደብዳቤውን የሚያነብለት ደብተራ ጠራ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢገጥመን በዛሬው ፍቺ ካነበብነው «ነውና» የሚለው ማያያዣ ትርጕም ያጣል። ማንበብ አለመቻሉ ነው ደብተራውን ያስጠራው።

የእንግሊዝኛው «ጀንትል» በቾሰር ዘመን፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት፣ በመጀመሪያ ደረጃ የተከበረ ዘር ያለውን ሰው የሚገልጽ ነበር፤ ኋላ ገርነትንና ለስላሳነትን ወደ መግለጽ ተሻገረ። ሁለቱም ቋንቋዎች የዘርን ክብር ወደ ጠባይ አዙረውታል።

ሦስተኛው «ማለፊያ» ነው። በነባሩ አማርኛ ማለፊያ ፈረስ ማለት እጅግ ጥሩ፣ መልካም ፈረስ ነው። በትምህርት ቤት ግን «ማለፊያ ነጥብ» ከመውደቅ የሚያድነው ዝቅተኛ ውጤት ስለሆነ ወጣቱ አንባቢ «ማለፊያ ግጥም» ሲባል ብዙም የማያስመካ ግጥም ይመስለዋል። ምስጋናው ነቀፋ ሆነ ማለት ነው። እንግሊዝኛውም «ፌር» በሚለው ቃል ይህንኑ አድርጓል፤ ቀድሞ ውብ ማለት የነበረው ዛሬ በውጤት መስጫ ላይ መካከለኛ ማለት ነው።

ለመሆኑ መፍትሔው ምንድን ነው? የሸዋዎቹ ሊቃውንት ብዙ ሠርተውልናል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ሥርወ ቃልን ለማወቅ ከሁሉ አስቀድመን ልንገልጣቸው የሚገቡ ናቸው። ሆኖም በ1928 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ እንደ ታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ፍቺ ከነዘመኑና ከነጥቅሱ በቅደም ተከተል አያስቀምጡም። ስለዚህ አንባቢው ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ይኖርበታል፦ ሥርወ ቃሉን፣ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዘመንና ተናጋሪው ማን እንደሆነ። ቄስ ሲናገርና ወታደር ሲናገር «ጨዋ» አንድ አይደለም።

በእኔ አስተያየት አራተኛ ምንጭም አለን። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ የሚመጡ ተማሪዎች አያቶቻቸው የሚናገሩትን አማርኛ ይዘው ይመጣሉ። «የገጠር አነጋገር» ተብሎ ሲታረምባቸው ግን ዝም ይላሉ። እኛ መምህራን ቃሉን ከማረማችን በፊት ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደሚናገረው ብንጠይቃቸውና ብናስመዘግባቸው በዘመን የተደራጀውን መዝገበ ቃላት ለመጀመር የሚያስችል ጥሬ ሀብት ይሰበሰባል። ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ግን የምንጠይቀው የለም፤ ጽሑፉ ይቀራል፣ የሚያነበው ግን ሌላ ነገር ይረዳል።