እውነቱ በምን ታወቀ? የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሕግ ታሪክ አጠናን

የአውሮፓ ሕግ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምናቀርበው የስምና የዓመት ዝርዝር ነው። ዩስቲንያኖስ ሕግ አሰባሰበ፤ የእንግሊዝ መኳንንት ንጉሥ ጆንን አስገድደው ማግና ካርታን አስቀበሉት፤ ናፖሌዎን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣ እንላለን። ተማሪውም ይህን በደብተሩ ይገለብጣል፤ ይሸመድዳል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ዝርዝር ብቻውን ጥያቄ አያስነሣም፤ ጥያቄ ያላስነሣ ትምህርት ደግሞ ከአእምሮ ጋር አይዋሐድም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን ከ12ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የአውሮፓ ሕግ ለመመልከት እንሞክራለን። ጥያቄውም፦ አንድ ሰው ወንጀል ሠርቷል ተብሎ ሲከሰስ፣ ድርጊቱን በዓይኑ ያላየ ዳኛ እውነቱን በምን ያውቃል? የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእሳትና በውሃ መፈተን

በመካከለኛው ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገሮች፣ ምስክር በታጣበትና መሐላ ብቻውን ባልበቃበት ከባድ ክስ፣ ነገሩ ለእግዚአብሔር ፍርድ ይተላለፍ ነበር። ተከሳሹ ይጾማል፤ ካህን ይጸልያል፤ ከዚያም ተከሳሹ በእሳት የጋለ ብረት በእጁ ይዞ ጥቂት እርምጃ ይራመዳል። እጁ በጨርቅ ታስሮ ከሦስት ቀን በኋላ ይፈታል። ቁስሉ ካመረቀዘ ጥፋተኛ፣ በደኅና ከጠገገ ንጹሕ ይባላል። ፈተናው በውሃ ሲሆን ደግሞ ተከሳሹ ታስሮ ወደ ተባረከ ኩሬ ይወርዳል። ከሰጠመ ውሃው ተቀብሎታልና ንጹሕ ነው፤ ጎትተው ያወጡታል። ከተንሳፈፈ ውሃው ጠልቶታልና ጥፋተኛ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1166 በክላሬንደን ባወጣው ድንጋጌ፣ የአካባቢው ሰዎች በነፍስ ግድያ ወይም በዝርፊያ የጠረጠሩት ሰው በውሃ እንዲፈተን አዟል።

ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም። መምህሩ ግን ሳቁን ወደ ጥያቄ ሊለውጠው ይችላል። በሀንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረችው በቫራድ ከተማ (ዛሬ በሩማንያ ውስጥ ኦራዲያ የምትባለው ናት) በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጋለ ብረት የተፈተኑ ሰዎች ጉዳይ በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ የመዝገቡም ቃል በኅትመት ለእኛ ደርሷል። ብረቱን ከያዙት ከግማሽ የሚበልጡት ነጻ ወጥተዋል። ለምን? ብረቱ ሁልጊዜ እኩል ይግል ነበርን? ቁስሉን አይቶ «ጠግጓል» ወይም «አመርቅዟል» የሚለውስ ማን ነበር? እንዲህ እያልን ስንጠይቅ፣ የእግዚአብሔር ፍርድ ከተባለው በስተጀርባ የሰው ፍርድ እንደ ነበረበት መጠርጠር እንጀምራለን።

የ1215 ለውጥ

1215 ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው ማግና ካርታን ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግን በሮም በላተራን የተሰበሰበው ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ ካህናት የእሳትንና የውሃን ፈተና እንዳይባርኩ ከለከለ። ያለ ካህን ቡራኬ ደግሞ ፈተናው ትርጉም አልነበረውም። ስለዚህ ዳኞች ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

በእንግሊዝ በ1219 መንግሥት ፈተናው መቅረቱን ለተዘዋዋሪ ዳኞች ሲያስታውቅ፣ በምትኩ ቁርጥ ያለ ሥርዓት አልሰጣቸውም። ዳኞቹም ቀስ በቀስ የአካባቢውን ሰዎች እያስማሉ፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ወደ መጠየቅ አዘነበሉ። ጁሪ የሚባለው የፍርድ አሠራር በወንጀል ጉዳይ ሥር የሰደደው በዚህ ሁኔታ ነው።

በኢጣልያ፣ በፈረንሳይና ኋላም በጀርመን የተያዘው መንገድ ሌላ ነው። በቢዛንቲየም ንጉሠ ነገሥት በዩስቲንያኖስ ትእዛዝ ከ529 እስከ 534 የተሰበሰበው የሮማ ሕግ፣ በተለይም 50 መጻሕፍት ያሉት ዲጀስት የተባለው ክፍል፣ በምዕራብ አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ተዘንግቶ ቆይቶ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በቦሎኛ ከተማ እንደገና ይጠና ጀመር። ኢርኔሪዩስና ተከታዮቹ ቃል በቃል እያነበቡ በኅዳጉ ላይ ትርጓሜ ይጽፉ ነበር። በ1140 ገደማም ግራቲያን የቤተ ክርስቲያንን ሕግ በአንድ መጽሐፍ አደራጀ። ሊቃውንቱ ከእነዚህ ምንጮች ያወጡት የማስረጃ ደንብ ጥብቅ ነው፤ በሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ሁለት የዓይን ምስክሮች ወይም የተከሳሹ የራሱ የእምነት ቃል ያስፈልጋል። የዳኛው ግምት፣ የሕዝብ ሐሜት፣ ደም የነካው ልብስ ለፍርድ አይበቃም።

የደንቡ ዓላማ መልካም ነበር። የሰው ሕይወት በአንድ ዳኛ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል ታስቦ ነው። ነገር ግን ሁለት ምስክር ፊት ለፊት አቁሞ የሚገድል ማን ነው? ምስክር ከሌለ የቀረው የእምነት ቃል ነው። ተከሳሹ አላምንም ካለስ? መልሱ ማሰቃየት ሆነ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥቃይ በኢጣልያ ከተሞች ሕግ ውስጥ ገባ፤ በ1252ም የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 4ኛ መናፍቃን ናቸው በተባሉ ሰዎች ላይ እንዲሠራበት ፈቀዱ። ከእሳቱ ፈተና መውጫ የተባለው መንገድ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖ ተገኘ።

የመዝገቡ ቃልና የሰውየው ቃል

በንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ዘመን፣ በ1532፣ የጸደቀውንና ካሮሊና የሚባለውን የጀርመን የወንጀል ሕግ ብናነብ ጥንቃቄው ያስደንቀናል። በቂ ጥርጣሬ ሳይኖር ማንም እንዳይሰቃይ፣ መርማሪው መልሱን በጥያቄው ውስጥ ለተከሳሹ እንዳያጎርሰው፣ ተከሳሹ የተናገረው ነገር እውነት መሆኑ እንዲጣራ፣ ቃሉንም ከሥቃዩ በኋላ እንዲያጸና ይደነግጋል። ሕጉን ብቻ ያነበበ ተማሪ «ተከሳሹ ጥሩ ጥበቃ ነበረው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

አሁን የምርመራውን መዝገብ እንክፈት። በ1628 በጀርመን አገር፣ የባምበርግ ከተማ ከንቲባ የነበረው የ55 ዓመቱ ዮሐንስ ዩኒዩስ ከሰይጣን ጋር ቃል ኪዳን ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። መዝገቡ እንደሚለው ዩኒዩስ በመጀመሪያ ካደ፤ ጣቱና እግሩ በብረት መጭመቂያ ሲጨመቅም ሕመም አልተሰማውም፤ ጁላይ 5 ቀን ግን ያለ ሥቃይ፣ በብርቱ ምክር ብቻ፣ ክሱን አመነ።

ሌላ ምንጭ ባይኖረን ኖሮ ስለዚህ ሰው የምናውቀው ይህን ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዩኒዩስ በዚያው ወር ከእስር ቤት ሆኖ ለሴት ልጁ ለቬሮኒካ በድብቅ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውም ጠፍቶ አልቀረም። ንጹሕ ሆኖ እንደ ታሰረና ንጹሕ ሆኖ እንደሚሞት ይነግራታል። ከጥፍሮቹ ደም እስኪፈስ እንደ ተጨመቀ፣ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ በገመድ ስምንት ጊዜ ወደ ላይ እየተሳበ እንደ ተለቀቀ፣ በመጨረሻም አሰቃዪው ራሱ አዝኖ አንድ ነገር ፈጥሮ እንዲናገር እንደ ለመነው ይተርካል። ፈጥሮ ሲናገር ደግሞ ተባባሪዎችህን ጥራ ተባለ፤ የከተማውን መንገዶች አንድ በአንድ እያነሡ የሰው ስም ጠየቁት። በኦገስት ወር ተገደለ።

መዝገቡ «ያለ ሥቃይ» ሲል ምናልባት በዚያች ቀን ማንም አልነካውም ማለቱ ይሆናል። ሥቃዩ የደረሰበት ከጥቂት ቀናት በፊት ነው፤ እንቢ ቢል ተመልሶ እንደሚደርስበትም ያውቅ ነበር። በወረቀት ላይ ደንቡ ተሟልቷል፤ እውነቱ ግን የተገኘው ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ሥቃይ እንዴት ቀረ?

ፍሪድሪኽ ሽፔ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1631 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥቃይ ጥፋተኛን እንደማያገኝ፣ ይልቁንም እንደሚፈጥር አስረዳ። ኢጣሊያዊው ቼዛሬ ቤካርያም በ1764 ባወጣው ስለ ወንጀልና ቅጣት የሚናገር መጽሐፍ ተቃውሞውን በመላ አውሮፓ አሰማ። የፕሩስያው ንጉሥ ፍሪድሪክ 2ኛ በ1740 ሥቃይን ከጥቂት ከባድ ወንጀሎች በስተቀር አስቀረ፤ በ1754 ጨርሶ ሻረ። ኦስትሪያ በ1776 ተከተለች። ይሁንና ምክንያቱን ሁሉ ለፈላስፎች ብቻ መስጠት አይገባም። አንዳንድ የታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ዳኞች ሙሉ ማስረጃ ባልተገኘበት ጉዳይ ከሞት ያነሰ ቅጣት፣ ለምሳሌ የመርከብ ቀዘፋና የግዞት ሥራ፣ መፍረድ በመቻላቸው የእምነት ቃል የግድ አስፈላጊ መሆኑ አስቀድሞ እየቀነሰ ሄዶ ነበር።

እንዴት እናጥና?

ከዚህ ሁሉ ለጥናታችን የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች እናገኛለን። አንደኛ፣ የሕጉን ጽሑፍ ስናነብ ሕጉ ሊያስወግደው የፈለገው ችግር ምን እንደ ነበር እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሕጉን ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋር፣ መዝገቡንም ከተቻለ ከተከሳሹ ድምፅ ጋር እናስተያይ። መዝገቡን የጻፈው ፈራጁ ነውና። ሦስተኛ፣ የዛሬን ቃል በጥንቱ ላይ አንጫን። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጁሪ ነገሩን አስቀድሞ ያውቃል ተብሎ የሚጠራ ጎረቤት ነበር፤ የዛሬው ግን ነገሩን ባያውቅ ይመረጣል።

ይህ ታሪክ ከእኛም የራቀ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አልዓሳል በዓረብኛ ካዘጋጀው መጽሐፍ የተተረጎመ ሲሆን፣ ስለ ዓለማዊ ጉዳይ በሚናገረው ክፍሉ የሮማና የቢዛንቲየም ሕግ ይገኝበታል። የ1957ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስዊሱ ዣን ግራቨን፣ የ1960ውን የፍትሐ ብሔር ሕግ የፈረንሳዩ ሬኔ ዳቪድ ሲያረቁ የተመሠረቱበት ትምህርት ከቦሎኛ የሚመዘዝ ነው። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ተገድዶ እንዳያምን፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዳይኖረው ይደነግጋል። ተማሪው ይህን አንቀጽ ሲያነብ ከኋላው የዩኒዩስን ደብዳቤ ካየ፣ የሕግ ታሪክ መማሩ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።

ለክፍል ውይይት

1. ሁለት ምስክር ይቅረብ የሚለው ደንብ ለተከሳሹ ጥበቃ ሆኖ ሳለ ወደ ሥቃይ ያመራው እንዴት ነው?

2. የዩኒዩስ ደብዳቤ ጠፍቶ መዝገቡ ብቻ ቢቀር፣ እናንተ በመዝገቡ ውስጥ ጥርጣሬ የሚያሳድር ምን ታገኙ ነበር?

3. የካሮሊና ሕግ የተጻፈ ጥንቃቄ ሳይጎድለው ዩኒዩስን ያላዳነው ለምን ይመስላችኋል?