ሐኪምን ለጥቂት ሰዓታት ተከትሎ መመልከት በሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ላይ ሊሰፍር ይገባልን?

መግቢያ

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚጀመር በመሆኑ፣ አመልካቹ ከትምህርት ውጤቱና ከመግቢያ ፈተናው ሌላ ሙያውን በቅርብ ማወቁን እንዲያሳይ ይጠበቃል። ከማሳያዎቹ አንዱ በተለምዶ «ሻዶዊንግ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም በሕክምናው ጣልቃ ሳይገቡ ሐኪሙን በሥራው ላይ እየተከተሉ መመልከት ነው። በአገራችን አብዛኞቹ ተማሪዎች ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኋላ ወደ ሕክምና ትምህርት ስለሚገቡ ጥያቄው እምብዛም አይነሣም። በአሜሪካ ላደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን የቅርብ ጉዳይ ነው። ከቤተ ዘመድ ሐኪም የሌለው ወጣት አንድ ሙሉ ቀን የሚያስከትለው ሐኪም ለማግኘት ወራት ሊደክም ይችላል፤ ካገኘም በኋላ «ስምንት ሰዓት ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ሊተወው፣ ወይም ቁጥሩን ሊያሳድገው ይፈተናል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም ስሕተት የሚሆኑበትን ምክንያት ያብራራል።

የማመልከቻው ቅርጽ

አብዛኞቹ የኤምዲ ዲግሪ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት አምካስ በተባለው የጋራ አገልግሎት በኩል ነው። ቅጹ ለሥራና ለልዩ ልዩ ተሳትፎ እስከ 15 መዝገቦች ይፈቅዳል፤ ሐኪምን መከተልም የራሱ ምድብ አለው። ለእያንዳንዱ መዝገብ ቀኑ፣ የሰዓቱ ብዛትና ስለ ጉዳዩ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ስም ይሞላል። ለመግለጫው የተመደበው ቦታ 700 ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ነው። አመልካቹ እስከ 3 የሚሆኑትን «እጅግ ትርጉም ያላቸው» ብሎ ሲመርጥ ለእያንዳንዳቸው ተጨማሪ 1325 ያገኛል። 15ቱን ሁሉ መሙላት ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ቦታ አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ መዝገቡ ሌላው የማመልከቻው ክፍል ያልተናገረውን ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚል ነው።

መመዘኛው

ሁለት አመልካቾችን በምሳሌነት እንውሰድ። የመጀመሪያዋ በአንድ ክሊኒክ የሐኪም ማስታወሻ ጸሐፊ ሆና ብዙ መቶ ሰዓታት ሠርታለች፤ ከዚህ ሌላ በዚያው የሙያ ዘርፍ ስምንት ሰዓት ተመልክታለች። ሁለተኛው ልምዱ ሁሉ በቤተ ሙከራ ነው፤ ሐኪምን በሥራው ላይ ያየው በእነዚያ ስምንት ሰዓታት ብቻ ነው። የሰዓቱ ቁጥር አንድ ቢሆንም ትርጉሙ የተለያየ ነው። ለመጀመሪያዋ መዝገቡ የታወቀውን መድገም ስለሚሆን ብትተወው አይጎዳትም። ለሁለተኛው ግን ያለው ብቸኛ ማስረጃ ስለሆነ ሊያሰፍረው ይገባል። በዚያው መጠን የማስረጃውን ማነስ ራሱ ሊገነዘብ፣ የሚቻለው ከሆነም ከማመልከቱ በፊት ተጨማሪ ጊዜ ሊፈልግ ይገባዋል።

የትምህርት ቤቱ ዓይነትም ሚዛኑን ይለውጣል። ከኦስቲዮፓቲክ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከኦስቲዮፓቲክ ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ ወይም ያበረታታሉ፤ ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ሐኪም ጋር የዋለ አንድ ቀን በዚያ በኩል የተለየ ክብደት ይኖረዋል።

አቀራረቡ

ከተለያዩ ሐኪሞች ጋር ያሳለፉትን አጫጭር ጊዜያት በአንድ መዝገብ ማጠቃለል ይመረጣል፤ አንዱ ሐኪም ተጠሪ ይሆናል፣ የቀሩት ከነሰዓታቸው በመግለጫው ይዘረዘራሉ። መግለጫው የሕክምናን ክቡርነት ከማወደስ ይልቅ አንድ የታየ ነገርን ቢያስረዳ ይሻላል፤ ለምሳሌ ሐኪሙ ከታካሚዎቹ መካከል ለመዝገብ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያውል፣ ወይም የማይድን ሕመምን እንዴት እንደሚያስረዳ። የታካሚን ማንነት የሚጠቁም ዝርዝር ግን ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። አጭር ምልከታን «እጅግ ትርጉም ያለው» ከሚባሉት መካከል መምረጥም በአብዛኛው አይመከርም፤ ረጅም ኃላፊነት የታየበት ሌላ ሥራ እንደሌለ ያስመስላልና።

ሰዓቱን ማብዛት ከሁሉ የከፋው ነው። አመልካቹ የሞላው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል፤ የተጠቀሰው ሐኪም ሊጠየቅ ይችላል፤ በቃለ መጠይቅም ማናቸውም መዝገብ ሊነሣ ይችላል። ስምንት ሰዓት ያየ ሰው ስለ ስምንቱ ሰዓት በልበ ሙሉነት መናገር ይችላል፤ ሰማንያ ብሎ የጻፈ ግን ያላየውን ሰባ ሁለት ሰዓት መተረክ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

አጭር ምልከታ በማመልከቻ ላይ ቦታ የሚያገኘው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ሌላው መዝገብ ያላሳየውን ሲያሳይ፣ ሰዓቱ እንዳለ ሲጻፍ፣ አመልካቹም ስለ እርሱ ያለ ማስታወሻ ሊናገር ሲችል። ይህ ካልተሟላ መተው ይሻላል። ከተሟላ ግን ማነሱ ሊያሳፍር አይገባም። በተለይ በሩን የሚከፍትለት ዘመድ ላልነበረው ወጣት፣ ያን አንድ ቀን ለማግኘት የተደረገው ጥረት ራሱ ሙያውን ለማወቅ የነበረውን ፍላጎት ይመሰክራል።