ማጂ፣ ማጂ

በናይሮቢው ሁርሊንግሃም፣ በምኖርበት ግቢ ጓሮ፣ አንዲት የብየዳ ማሽን አለችኝ። ኢንቨርተር ናት፤ በአንድ እጅ ትነሳለች፣ ከቤት ሶኬት ትሠራለች። ከእሷ ሌላ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ግራይንደር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የቆዳ ጓንትና የፊት መከላከያ ካለ ለመጀመር በቂ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ረከቦት የሚቀመጥባት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ነበረች። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

አብዛኛው ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ኤሌክትሮድን እንደ ማስቲሽ ያየዋል፤ ብዙ ያቀለጠ ብዙ ያጠነከረ ይመስለዋል። ሬዲዮ ጠጋኝ ሽቦ በእርሳስ ሲያያይዝ ሽቦው ራሱ አይቀልጥም፤ ማጣበቅ የሚባለው ያ ነው። በብየዳ ግን የሁለቱም ብረቶች ጠርዝ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ውሃ ይሆንና ከኤሌክትሮዱ ጠብታ ጋር አንድ ኩሬ ይሠራል። ኩሬው ሲረጋ ሁለት የነበረው ብረት አንድ ሆኗል። ኩሬው አንዱን ጠርዝ ብቻ ከነካ ግን ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር በመዶሻ ሲመታ ይላቀቃል።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የጁዋ ካሊ ባለሙያ ነው። ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው፤ ደጅ ላይ የሚሠሩ ባለእጆች መጠሪያ ሆኗል። ካሙኩንጂ ብትሄዱ ላሜራ ቀጥቅጠው የከሰል ምድጃ፣ እነሱ ጂኮ የሚሉትን፣ ሲያወጡ ታያላችሁ። ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ ደጋግሞ የሚለኝ አንድ ቃል ነበር፦ «ማጂ፣ ማጂ»። ውሃውን እይ ማለቱ ነው። እኔ ለካ ብርሃኑ ላይ አፍጥጬ ነበር። ዓይኔን ከኤሌክትሮዱ ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ስመልስ ውሃው ታየኝ፤ የሚያብረቀርቅ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ከኋላው ጠቆር ያለ ቅርፊት የሚከተለው። ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ መቼ መፍጠን፣ መቼ መዘግየት እንዳለበት አወቀ።

ቅርፊቱ የሚመጣው ከኤሌክትሮዱ ልባስ ነው። ልባሱ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ኩሬውን ከአየር ይጋርደዋል፤ የቀረው ላዩ ላይ ይረጋል። ለዚህ ልባስ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1904 ኤሳብን የመሠረተው ስዊድናዊ ኦስካር ሼልበርግ ነው። ታዲያ ኤሌክትሮድ እርጥበት ላይ ጥሎ፣ ልባሱ ሲረግፍ ማሽኑን መራገም ተገቢ አይደለም።

በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ሰው ሳይ እቆጣለሁ። የብየዳው ጨረር የሚያሰቃየው ከሰዓታት በኋላ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ነው። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧም ሳይፋቅ አይበየድ። ዚንክ በ907 ዲግሪ፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ይተናል፤ ጭሱን የሳበ ማታ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል።

ወደ ጠረጴዛዋ ልመለስ። አንዱን ማዕዘን በአንድ ትንፋሽ በይጄ ጨረስኩና ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ እግሩን ወደ ውስጥ ሳበው። ረከቦቱ ተንገዳገደ። ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ አራቱን ማዕዘን በነጥብ ብቻ ያዝኩ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ በሜትር ለካሁ፣ እኩል ሲሆኑ ከአንዱ ጥግ ወደ ትይዩው እየዘለልኩ በየድኩ። በማግስቱ ቡና ተፈላ፤ ሲኒዎቹ አልተንኳኩም።