በአሜሪካ ሕግ ረግረግ መሬት የሚባለው የቱ ነው?

ረግረግ መሬት ሁለት መልክ አለው። በአንድ ወገን ሲያዩት እግር የሚያሰምጥ፣ ትንኝ የሚፈላበት፣ ቤትም ሆነ መንገድ ለመሥራት የማይመች ስፍራ ነው። በሌላው ወገን ሲያዩት ደግሞ ጎርፉን ጠጥቶ ቀስ በቀስ የሚለቅ፣ ደለሉን የሚያስቀር፣ ዓሣና ወፍ የሚራባበት ቦታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በመጀመሪያ የተመለከተው የፊተኛውን መልክ ብቻ ነበር። ስለዚህም በ1849፣ በ1850 እና በ1860 ባወጣቸው ሕጎች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰፊ ረግረግ መሬት እያደረቁ እንዲጠቀሙበት ለየግዛቶቹ በስጦታ ሰጠ። ውጤቱም እንደ ታሰበው ሆነ። በ1780ዎቹ በአርባ ስምንቱ ተጎራባች ግዛቶች ውስጥ 221 ሚሊዮን ኤክር ያህል ረግረግ እንደ ነበረ ይገመታል፤ በ1980ዎቹ ግን የቀረው 104 ሚሊዮን ብቻ ነበር።

ያው መንግሥት ዛሬ በብዙ ረግረግ ላይ ያለ ፈቃድ አንድ ጋሪ አፈር እንኳ እንዳይደፋ ይከለክላል። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው ይህ ክልከላ እንዴት እንደሚሠራ ነው። በተለይም መሬት ለሚቀይሱና ግንባታ ለሚመሩ ባለሙያዎች አስቸጋሪ የሆነባቸውን አንድ ነጥብ ለመግለጥ እንሞክራለን፤ ይኸውም አፈሩ ረግረግ ነው ያለውን ቦታ ሕጉ ሁልጊዜ የእኔ ነው የማይለው መሆኑ ነው።

ዋናው ሕግ በ1972 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልፈርምም ብለው ቢመልሱትም ኮንግሬስ በሁለተኛ ድምፅ ያጸደቀው የውሃ ንጽሕና ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 404 ከውሃ ውስጥ የተጠረገ ጭቃ ወይም ማናቸውም መሙያ አፈር «መርከብ በሚሄድባቸው ውሃዎች» ውስጥ ያለ ፈቃድ እንዳይደፋ ያዝዛል። እነዚህም ውሃዎች በሕጉ ትርጓሜ «የተባበሩት መንግሥታት ውሃዎች» ናቸው። ረግረግ የሚለው ቃል በዚህ ትርጓሜ ውስጥ የለም፤ በ1977 በተጨመረው ማሻሻያ ውስጥ ከውሃዎቹ ጋር የተጎራበቱ ረግረጎች በጨረፍታ ተጠቅሰዋል። እንግዲህ ረግረግ የሚጠበቀው ስለ ራሱ ሳይሆን እንደ ውሃ ተቆጥሮ ነው። ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት የተካሄደው ክርክር ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የመነጨ ነው።

ሥልጣኑም ለሁለት የተከፈለ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ሲሆን፣ ፈቃዱ የሚመዘንበትን መመሪያ በዋናነት የሚያወጣውና አስፈላጊ ሲሆን ፈቃዱን የሚሽረው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያው ከወንዝና ከወደብ ሥራ ጋር ስለ ኖረ ጉዳዩ ለወታደር መሐንዲሶች መሰጠቱ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም ለእነርሱ የቆየ ልማድ ነው።

አንድ መሬት ረግረግ መሆኑና ወሰኑ የት እንደሆነ የሚለየው በ1987 የመሐንዲሶቹ ክፍል ባወጣው መመሪያና በኋላ ለየአካባቢው በተጨመሩለት ማብራሪያዎች ነው። ሥራው የቢሮ ሥራ አይደለም። ባለሙያው አካፋና የቀለም መጽሐፍ ይዞ ሜዳ ይወርዳልና ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ እነርሱም ዕፀዋቱ፣ አፈሩና ውሃው ናቸው። በተለመደው ሁኔታ ሦስቱም ካልመሰከሩ ቦታው ረግረግ አይባልም።

ዕፀዋቱ እርጥበት በመውደዳቸው በአምስት ክፍል ተመድበዋል። በአንደኛው ጫፍ እንደ ፊላ ያሉት ያለ እርጥብ መሬት የማይበቅሉት ሲሆኑ፣ በሌላው ጫፍ ደረቅ መሬት ብቻ የሚስማማቸው አሉ። በቦታው ከበዙት የዕፅ ዓይነቶች መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት ከሦስቱ እርጥብ ወዳድ ክፍሎች ከሆኑ የመጀመሪያው ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

ከሦስቱ ይልቅ በጣም የሚያስደንቀው የአፈሩ ምስክርነት ነው። ባለሙያው ግማሽ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ የአፈሩን ቀለም ከመንሰል የቀለም መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። አፈር ውሃ ለብዙ ጊዜ ሲይዝ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ኦክሲጅኑን ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ለአፈሩ ቀይና ቡናማ ቀለም የሚሰጠው ብረት በውሃ የሚሟሟ ሆኖ ከቦታው ይሄዳል፤ የሚቀረውም አመድማ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ አፈር ነው። በሥር ቀዳዳ አየር በገባበት ስፍራ ደግሞ ብረቱ ተመልሶ እንደ ዝገት ቀይ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በበጋ ውሃው ፈጽሞ ደርቆ ሣሩም ታጭዶ ቢገኝ፣ ያለፈው ክረምት በአፈሩ ውስጥ ተጽፎ ይቆያል። (የአገራችንን መረሬ አፈር የሚያውቅ አንባቢ ጥቁረቱ ብቻ ረግረግነትን እንደማያረጋግጥ ይገነዘባል። እንዲያውም በጣም ጥቁር አፈር የዝገቱን ነጥብ ስለሚሸፍነው ለመርማሪው ከሁሉ የከበደ ነው።)

ሦስተኛው ውሃው ነው። ለየአካባቢው በወጡት ማብራሪያዎች መሠረት በቡቃያ ወራት ውስጥ ውሃው ቢያንስ ለ14 ተከታታይ ቀናት በመሬቱ ላይ ተኝቶ ወይም ከመሬቱ ፊት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ መቆየት አለበት። ይህም ከአሥር ዓመት ቢያንስ በአምስቱ የሚደርስ መሆን ይገባዋል። መርማሪው አሥር ዓመት ሊቀመጥ አይችልምና በግንድ ላይ ከቀረ የውሃ ምልክትና ከመሰል ነገር ይገምታል።

ይህን ሁሉ ፈጽሞ ወሰኑን በካርታ ያሰፈረ ባለሙያ ሥራዬን ጨረስሁ ቢል ተሳስቷል። ይህንንም የሚያሳየን በአይዳሆ ግዛት ፕሪስት በተባለ ሐይቅ አጠገብ የሆነው ነገር ነው። ሳኬት የተባሉ ባልና ሚስት በ2004 ቤት መሥሪያ የሚሆን 2,500 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ገዙ። በ2007 ጠጠርና አፈር መድፋት ሲጀምሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መሬቱ ረግረግ ስለሆነ የደፋችሁትን አንሡ፣ አለዚያ በየቀኑ ከ40,000 ዶላር በላይ መቀጫ ሊደርስባችሁ ይችላል ሲል አዘዛቸው። መሬቱ ከሐይቁ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ከመንገድ ማዶ አንድ ቦይ አለ፤ ቦዩ ወደ ጅረት፣ ጅረቱም ወደ ሐይቁ ይገባል። ባልና ሚስቱ በ2012 ትእዛዙን በፍርድ ቤት የመቃወም መብት አገኙ፤ ዋናው ፍርድ የተሰጠው ግን በግንቦት ወር 2023 ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ፍርድ ሕጉ የሚጠብቀው ከውሃው ጋር በመሬት ፊት ላይ ሳይቋረጥ የተያያዘውን፣ ውሃው የት አብቅቶ ረግረጉ የት እንደሚጀምር ለመለየት የሚያስቸግረውን ረግረግ ብቻ ነው አለ። ዘጠኙም ዳኞች የባልና ሚስቱ መሬት ከሕጉ ውጭ ነው ሲሉ ተስማምተዋል፤ በመለኪያው ላይ ግን አምስት ለአራት ተከፍለዋል። ከአራቱ አንዱ ዳኛ ካቫኖ የሚሲሲፒን ወንዝ ምሳሌ አድርገው፣ በጎርፍ መከላከያ ግድብ ከወንዙ የተለየ ረግረግ ለጎርፍ መከላከል አስፈላጊ ሆኖ ሳለ ከጥበቃው ሊወጣ ነው ብለዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ምሳሌ ከባድ ነው። ውሃ ከመሬት በታችም ይሄዳልና፤ የአፈሩም ምስክርነት ቦይና ግድብ አያግደውም። በሌላ በኩል ደግሞ ቤት ሊሠራ የገዛውን መሬት አፈር ስለ ደፋበት ብቻ በየቀኑ በሚቆጠር ዕዳ የሚያስፈራሩት ሰው ሕጉ ወሰኑን አስቀድሞ እንዲነግረው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መሬቱ ከሕጉ ውስጥ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ጥቂት ለሆነ ሥራ በጅምላ አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ አለ፤ ከአምስት ዓመት በላይ አይጸናም፣ በብዙዎቹም የሚፈቀደው ጉዳት ከግማሽ ኤክር፣ ማለት ከ2,000 ካሬ ሜትር ያህል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚህ ለሚበልጠው ለብቻው ይመረመራል። ቤት ወይም ሱቅ የግድ ውሃ አጠገብ መሆን የለበትምና ሌላ ስፍራ እንደሚገኝለት አስቀድሞ ይገመታል፤ አይገኝም ብሎ ማስረዳት የአመልካቹ ፈንታ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 በሰጠው ሌላ ፍርድ እንደ ጠቀሰው፣ እንዲህ ያለውን ፈቃድ ማግኘት በአማካይ 788 ቀንና 271,596 ዶላር ሲፈጅ፣ የጅምላው 313 ቀንና 28,915 ዶላር ይፈጅ ነበር። የግንባታ ሰዎች ዕቅዳቸውን ከግማሽ ኤክር በታች ለማሳነስ የሚጥሩት ስለዚህ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው ጉዳቱን ማስወገድ፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ ለተረፈው ደግሞ ምትክ መስጠት በሚል ቅደም ተከተል ነው። ምትኩ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከረግረግ ባንክ ነው። ይህም ገንዘብ የሚቀመጥበት ቤት ሳይሆን አንድ ባለሀብት የተበላሸ ረግረግ መልሶ አቅንቶ ያገኘውን ጥቅም እየሸነሸነ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። በ2008 የወጣው ደንብ ምትኩ ቢያንስ አምስት ዓመት ክትትል እንዲደረግለት ያዝዛል፤ ሣር ተክሎ መሄድ በቂ አይደለምና። የተለመደ እርሻ ከፈቃድ ነፃ ነው። ሕጉም በስም የሚከለክለው መድፋትን እንጂ ማድረቅን አይደለም፤ ይህም ትልቅ ቀዳዳ ሆኖ ይታየናል።

እንግዲህ ከ2023 ወዲህ የባለሙያው ዘገባ ሁለት ክፍል ይኖረዋል። አንደኛው የረግረጉን ወሰን ይነግራል፤ ሁለተኛው ከረግረጉ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው መንገድ ሳይቋረጥ መያያዙን ወይም መቋረጡን በፎቶግራፍና በካርታ ያሳያል። በደረቅ ወር ብቻ አይቶ ተቋርጧል ብሎ መጻፍ ደንበኛን ለአደጋ ይጥላል። ጥርጥር ካለ የመሐንዲሶቹን ክፍል በጽሑፍ ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፤ ውሳኔውም ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ይጸናል፤ ከ2016 ወዲህም በፍርድ ቤት ሊከራከሩበት ይቻላል።

ውሳኔው ከሕጉ ውጭ ነው ቢልም የግዛቱን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። ሚሺጋን ከ1984፣ ኒው ጀርሲ ከ1994 ጀምሮ ፈቃዱን ራሳቸው ይሰጣሉ። ኮሎራዶ ደግሞ ከ2023ቱ ፍርድ በኋላ፣ በ2024፣ የወጣውን ቀዳዳ ለመድፈን የራሱን ሕግ አውጥቷል። በዚያ ግዛት አመድማ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ለባለቤቱ ፈቃድ ጠይቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ሕግ በሌለው ግዛት ግን ያው አፈር፣ ያው ዝገት፣ ያው ፊላ ያለበት ስፍራ ከወንዙ በአንድ መንገድ ከተለየ ነገ በጠጠር ሊሞላ ይችላል።